አጥር የሌለው በር

ቅጥሩ ከነግንቡ፣ ፈርሶ ከጠፋ ቆየ፤
በሩ ግን ቆሟል ዛሬም፣ ብቻውን እንደታየ።
በግራው ጤፍ አለ፣ በቀኙ የባቄላ ማሳ፤
በዚያም በዚህም ቢያልፉ፣ የለበት ወቀሳ።
ግን የአምባ ደጅ ሰው፣ ከሞጣ ገበያ ሲመለስ፣ ጀንበር ስትገባ፣
ልጁን አዝሎ፣ ወይ ተሸክሞ ገለባ፣
ሽማግሌው በከዘራው፣ ሠርገኛው በጭብጨባ፣
ዞሮ አያልፍም በጎን፤ በበሩ ነው እሚገባ።
ቅስቱ ሥር ሲደርስም ቀና ይላል፣
የሚያውቀውን ሰው እንዳየ፤ ከዚያ ያልፋል።

እኔስ ከባሕር ዳር መጣሁ፣ የባህል ቢሮ ልኮኝ፣
ሜትርና ደብተር ይዤ፣ ወጉ ምኑም ሳይገባኝ።
«በየትኛው ንጉሥ ዘመን?» ብዬ ብጠይቅ፣
ሦስት ሰው ሦስት ስም ጠራልኝ፤ አራተኛው ብቻ ሳቅ።

ወርዱ ስድስት ክንድ ነው፣ ዐሥራ አንድ ክንድ ቁመቱ፤
ሃያ ሦስት ጥርብ ድንጋይ ተሰክቷል በአናቱ።
የመሐሉ ጥቁር ነው፣ የቀሩት አመድማ ናቸው፤
ግራና ቀኝ ሲገፉት፣ እሱ ነው መልሶ የያዛቸው።
በመጋጠሚያው መሐል ቢላ ብሰድ አልገባም፤
የወይራውንም ጉበን ምስጥ ሞክሮት አልረባም።
ደፉ ላይ ቦይ ተቆፍሯል፣ መዳፍ ያህላል ጥልቀቱ፤
ውኃ አይደለም፣ ኮቴ ነው፤ አሞሌ የጫነ አህያ፣ በስንት በጋ በስንት ክረምቱ።
በግድግዳው ወገብ አለ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ጎድጓዳ፤
ኬለኛው ነበር እዚያ፣ ለጨው፣ ለማር፣ ለዕዳ።
አንዲት ጥፍጥፍ ሰም እንኳ ነጋዴው ቢደብቅ፣
በአረማመዱ ብቻ ነበር ክብደቷን የሚያውቅ።

እማማ ትሁኔ መጡ፣ ቁልፉን ይዘው ከቤታቸው፤
ክንድ ያህላል፣ ብረት፤ ተሰቅሎ የኖረ ከራስጌያቸው።
«መዝጊያውስ የት አለ?» ብላቸው፣
«አልጋ ሆኗል ተጠርቦ፤ እኔም እሱ ላይ ተወለድሁ» አሉ።
«ቅጥሩስ?» «ያ ወፍጮ ቤት፣ ያ ጠላ ቤት፣ ያ ትምርት ቤት፣ ሁሉ፣
መሠረቱን ብትምስ፣ ግንቡ እዚያ ነው» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«የሠራው ጠይብ ነው፤ ስሙን ማንም አላኖረ።
ኖራ ከዓባይ ቆላ ያቃጥል፣ በጀርባው ዳገት ይወጣ ነበረ፤
ሰባት ዓመት ገነባ፣ ሰባት ዓመት ከውጭ አደረ።
‹ቡዳ ነው› ይሉታላ! በዓይኑ ሕፃን ይበላል፣
ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይሄዳል፤
ቀን እጁን ይፈልጉታል፣ ማታ ዓይኑን ይፈሩታል።

በሩ ያለቀ ለት፣ ሰንጋው ታረደ፣ ነጋሪት ተመታ፤
ካህኑ ገባ፣ ወታደሩ ገባ፣ ገባ ሎሌው ከነጌታ፤
መዝጊያው ተገፋ፣ ገጠመ። የመጀመሪያዋ ማታ።
እሱ ከውጭ ነበር።
ድግሱን በስንጥቅ ሊያይ ዳሰሰ፣ አንድ ክፍተት አላገኘ፤
አጥብቆ የሠራው እሱ፣ በጥንቃቄው ደጅ ተገኘ።
የገዛ በሩን ደጅ ጠና እንግዲህ፣ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ።
በረኛው ሲነጋ ቢከፍት፣ አመድ ብቻ፣ የእሳቱ ቅሪት። ሰው የለ።

ግን እይ፣ ወደ ላይ እይ። በውስጠኛው ገጽ በኩል፤
ኖራው ሳይደርቅ የታተመ፣ አንድ መዳፍ አለ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።
ሰውዬው ወጥቶ ቀረ፤ እጁን ግን ማን ያስወጣል?»

መሰላል ተዋስሁ፣ ወጣሁ። ሜትሬን አወጣሁ፣ ልለካ፤
መልሼ ከኪሴ ከተትሁት፤ መዳፌን ገጠምሁ፣ ስነካ
ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ አጫጭር፣ አውራ ጣቱ ቆልመም ያለ፤
ኖራውም የቆዳውን መሥመር ቈጥሮ የያዘ፣ ያልጣለ።

ደብተሬ ላይ አንድ ረድፍ አለች፣ «የሠሪው ስም» የምትል።
እርሳሴን አሾልሁ። ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ። ...
አውቶብሱ ከመንገድ ዳር ጥሩምባውን ነፋ፤
በባቄላው አቋርጬ ሮጥሁ፣ እንዳልጠፋ፤
ግማሽ መንገድ ላይ ቆምሁ።
ተመለስሁ።
በበሩ ወጣሁ።